ደሙን የሰጠው ወታደር፣ ትርፉን የወሰደው አየር ባየር ነጋዴ

ወገን! ስለ አሜሪካ አብዮት ሲወራ የምንሰማው ስለ ባንዲራው፣ ስለ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ስለ ነፃነት አዋጁ ነው። «የጦርነቱን ወጪ ማን ቻለው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እስቲ ዛሬ እኛ እንጠይቅ። መንግሥት «በኋላ እከፍልሃለሁ» እያለ ለወታደሩና ለገበሬው ያደለው ቁራጭ ወረቀት የራሱ ታሪክ አለው። ታሪኩም የትኛውም ወጣት ሊያውቀው የሚገባ ነው።

አስቀድሜ አቋሜን ልንገራችሁ። ያ ወረቀት በመጨረሻ ተከፍሏል። ከነወለዱ! የተከፈለው ግን በአብዛኛው ለተዋጋው ሰው አይደለም። አሜሪካኖች ይሄን የአሌክሳንደር ሃሚልተን ታላቅ ብልሃት ብለው ያስተምሩታል። እኔ ግማሹ ብልሃት፣ ግማሹ ግፍ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ነው። በ1775 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደዚያው) በቦስተን አጠገብ የባንከር ሂል ውጊያ በተደረገ በ5ኛው ቀን፣ ጁን 22፣ ፊላደልፊያ የተሰበሰበው ኮንግረስ 2 ሚሊዮን ዶላር የወረቀት ገንዘብ እንዲታተም ወሰነ። ምን አማራጭ ነበረው? ኮንግረሱ የቅኝ ግዛቶች ተወካዮች ስብስብ እንጂ ሙሉ መንግሥት አልነበረም። ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም። ወርቅ የለውም። ሕዝቡ የተነሳው ደግሞ «ሳንወከል ግብር አንከፍልም» ብሎ ነው። እንዲህ ብሎ የተነሳን ሕዝብ በመጀመሪያው ዓመት «በል ግብር አምጣ» ማለት እንዴት ይቻላል? ስለዚህ ማተሚያው ሥራ ጀመረ።

ወረቀቱ «ኮንቲኔንታል» ተባለ። ገንዘብ ይባል እንጂ በውስጡ ዕዳ ነው። ክልሎቹ ወደፊት ግብር ሰብስበው ከገበያ ያነሱታል የሚል ተስፋ ተጽፎለት የወጣ የዕዳ ወረቀት። ክልሎቹ ግን ግብሩን አልሰበሰቡም፤ ይባስ ብለው የየራሳቸውን ወረቀት ያትሙ ጀመር። እንግሊዞቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ኒውዮርክን ከያዙ በኋላ ፎርጂድ ኮንቲኔንታል እያተሙ በየመንደሩ በተኑት። በ1777 ጭራሽ «ፎርጂድ ኖት የሚፈልግ ይምጣ» የሚል ማስታወቂያ በጋዜጣ ወጥቷል። የጠላትን ገንዘብ ማርከስ የጦር መሣሪያ መሆኑን ያኔም ያውቁት ነበር።

ኮንግረሱ በበኩሉ በጃንዋሪ 1776 ኮንቲኔንታልን አልቀበልም ያለ ሰው የአገር ጠላት ተደርጎ ይታይ ብሎ ወሰነ። ገበያ ግን በውሳኔ አይታዘዝም። እስከ 1779 መጨረሻ ድረስ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ታተመ። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ራሱ ለኮንግረሱ ፕሬዚዳንት ለጆን ጄይ ሲጽፍ፣ አንድ ጋሪ ሙሉ ገንዘብ አንድ ጋሪ ሙሉ ስንቅ አይገዛም ብሎ አማረረ። በማርች 1780 ኮንግረሱ 40 ኮንቲኔንታል በ1 የብር ዶላር ይመንዘር ብሎ በአዋጅ አረከሰው። በ1781 ወረቀቱ ከገበያ ጠፋ። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ ዋጋ የሌለውን ነገር «ኮንቲኔንታል እንኳ አያወጣም» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን ይሄን መርከስ ሲያይ «እሱም አንድ ዓይነት ግብር ነው» የሚል ሐሳብ ነበረው። ገንዘቡ እጅህ ላይ ባለ ጊዜ ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ካለፈ፣ ሁሉም ሳያውቀው ለጦርነቱ አዋጣ ማለት ነው። ብልህ አባባል ነው፤ ግን ልክ የሚሆነው ሁሉም ሰው እኩል ከያዘው ነው። ነጋዴው እጁ ላይ አያሳድረውም፤ በማግስቱ ጨርቅ ወይ ጨው ይገዛበታል። ወታደሩ ግን ደመወዙ 6 ዶላር ከ67 ሳንቲም ገደማ ነው፤ እሱም ለወራት ይዘገያል፤ ሲመጣም በዚሁ ወረቀት ይመጣል። ታዲያ ይሄን ግብር በዋናነት የከፈለው ማን ሆነ?

ከኮንቲኔንታሉ ጎን ሌላ ወረቀት ነበር፤ እሱ ነው እንግዲህ እውነተኛው ቦንድ። (ቦንድ ስንል ለእኛ አዲስ አይደለም። ለህዳሴው ግድብ ከደመወዙ ያልገዛ ቤተሰብ ጥቂት ነው። መንግሥት ይበደርሃል፣ ወረቀት ይሰጥሃል፣ በወለድ ይመልስልሃል።) በኦክቶበር 1776 ኮንግረሱ በየክልሉ የብድር ቢሮ ከፍቶ የ5 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ለሕዝብ አቀረበ። ወለዱ መጀመሪያ 4 በመቶ ነበር። በዚህ የሚገዛ ሲጠፋ በ1777 መጀመሪያ ወደ 6 በመቶ ከፍ አለ። ልብ በሉ! ሲጀመር ትንሹ ቦንድ 300 ዶላር ነበር። በወር 7 ዶላር የማይሞላ ደመወዝ ያለው ወታደር ይሄን እንዴት ይገዛል? ቦንዱ ከመነሻው ለባለ ሀብት የተሰፋ ልብስ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። እስከ ማርች 1778 ቦንድ የገዙ ሰዎች ወለዳቸው የሚከፈላቸው ከፈረንሳይ በተገኘ ገንዘብ፣ በፓሪስ ላይ በሚመነዘር ሐዋላ ነበር። ማለትም ወርቅ የሚያወጣ ወለድ። ይሄ እስከ 1782 መጀመሪያ ድረስ ቀጥሏል። በዚያው ዘመን ሠራዊቱ ባዶ እግሩን በበረዶ ላይ ይሄዳል። የፈረንሳይ ንጉሥ ገንዘብ ጫማ መግዛት ትቶ የቦስተንና የፊላደልፊያ ባለ ቦንዶችን ወለድ ይከፍላል። ለምን? አበዳሪው ከተቀየመ ነገ አያበድርማ! ወታደሩ ግን ቢቀየምም ይዋጋል ተብሎ ተገምቷል።

ሦስተኛው ወረቀት የገበሬው ነው። የሠራዊቱ ስንቅ ሹሞች ገንዘብ ሲያልቅባቸው በሬውን፣ ስንዴውን፣ ጋሪውን እየወሰዱ ሰርተፍኬት ይሰጡ ነበር። «ከአቶ እገሌ አንድ በሬ ተቀብለናል፣ ዋጋው ይህን ያህል፣ ወደፊት ይከፈላል።» አንዳንዱ በፈቃዱ ሰጠ፤ ብዙው ጠብመንጃ ፊት ለፊቱ ቆሞ ሰጠ። ብዙው ሰርተፍኬት ወለድም የለውም። የእኛ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ለዚህ ገበሬ የተባለ ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ወታደሩ እንምጣ፤ የነገሩ ዋና እዚህ ነው።

ጆሴፍ ፕለም ማርቲን የሚባል የኮኔቲከት ልጅ ነበር። በ1776 ሲመዘገብ 15 ዓመቱ ነው። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ አገለገለ፤ በኋላ በ1830 ያየውን ሁሉ በመጽሐፍ አሳተመ። እንደ እሱ አባባል ከ1776 ወዲህ ገንዘብ የሚባል ደመወዝ ያየው አንዴ ብቻ ነው። በ1781 ወደ ዮርክታውን ሲዘምቱ የአንድ ወር ደመወዝ በጥሬ ብር ተከፈላቸው፤ ያውም ከፈረንሳይ ጦር ተበድረው። ከዚያ በቀር ወረቀትና ተስፋ ነበር።

ጦርነቱ ሲያልቅ ኮንግረሱ ባዶ ኪሱን ነበር። በ1781 ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 5 በመቶ ቀረጥ ልጣል ብሎ ነበር፤ ለዚህ የ13ቱም ፈቃድ ያስፈልግ ነበርና ትንሿ ሮድ አይላንድ ብቻዋን እምቢ ብላ አፈረሰችው። በማርች 1783 መኮንኖቹ ኒውበርግ ላይ ሊያምፁ ደርሰው ዋሽንግተን አበረዳቸው። በጁን ደግሞ ደመወዝ ያጡ ወታደሮች ፊላደልፊያ ውስጥ የኮንግረሱን አዳራሽ ከበቡ፤ ተወካዮቹ ወደ ፕሪንስተን ሸሹ። ዓለምን ያስደነቀ አብዮት ያሸነፈ ምክር ቤት ከገዛ ወታደሮቹ ሸሸ!

መፍትሔው ምን ሆነ? ሌላ ወረቀት። የሠራዊቱ ከፋይ ጆን ፒርስ የእያንዳንዱን ወታደር ሂሳብ እየዘጋ «የመጨረሻ ሂሳብ ሰርተፍኬት» ይሰጥ ጀመር። ከ90,000 በላይ ሰርተፍኬት፣ ድምሩ ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር። 6 በመቶ ወለድ ተጽፎበታል። መቼ ይከፈላል? አልተጻፈም። ከየት ይከፈላል? አልተጻፈም። ወታደሩ የተሰናበተው ይሄንኑ ወረቀት ተስፋ አድርጎ ነው። ቤቱ ሩቅ ነው፤ ልብሱ ተቀዳዷል፤ ክረምት ይመጣል።

ማርቲን ምን አደረገ? ከሰርተፍኬቶቹ የተወሰኑትን ሸጦ ደህና ልብስ ገዛ። ራሱ ነው የጻፈው። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ይሉ የለ? ማንም አላስገደደውም፤ ብርድ ነው ያስገደደው።

ገዢው ማን ነበር? ከተማ ተቀምጦ፣ እጁ ላይ ብር ኖሮት፣ መጠበቅ የሚችል ሰው። በ1780ዎቹ አጋማሽ የ1 ዶላር ሰርተፍኬት ከ10 እስከ 20 ሳንቲም ባለው ዋጋ ይሸጥ ነበር። እስቲ አስሉት። በ100 ዶላር 15 ዶላር ገደማ እየከፈልክ ብትሰበስብ፣ 6 በመቶው ወለድ የሚታሰበው በመቶው ላይ ነው። ወለዱ ከተከፈለ በዓመት 6 ዶላር፤ ባወጣኸው 15 ላይ 40 በመቶ ማለት ነው! ዋናው ደግሞ አንድ ቀን በሙሉ ከተከፈለ የመቶ ባለቤት ነህ። እንዲህ ያለ አየር ባየር ንግድ የት ይገኛል?

ገዢዎቹ ሁሉ ክፉ ሰዎች ነበሩ አላልኩም። የሁለተኛው ፕሬዚዳንት ሚስት አቢጌል አዳምስ ከገዢዎቹ አንዷ ናት። ባሏ ጆን መሬት መግዛት ይወድ ነበር፤ እሷ ግን የመንግሥት ወረቀት ይሻላል ብላ በአጎቷ በኩል የሠራዊት ሰርተፍኬት በርካሽ ታስገዛ ነበር። ሂሳብ የምታውቅ ሴት ነች፤ አደንቃታለሁ። ግን ያንን ወረቀት በመጀመሪያ የተቀበለው ወታደር ምናልባት የሷን ያህል ሂሳብ ያውቅ ይሆናል። የጎደለው መጠበቂያ ስንቅ ነው።

ይሄ ግፍ በማሳቹሴትስ ፈነዳ። ክልሉ የራሱም የጦርነት ዕዳ ነበረበት፤ ወረቀቱ በርካሽ ተገዝቶ በአብዛኛው ቦስተን አካባቢ ባሉ ሀብታሞች እጅ ተከማችቷል። ክልሉ ግን በሙሉ ዋጋ ልክፈል ብሎ ወሰነ። በምን? በግብር። ከማን? በዋነኛነት ከገበሬው፤ ብዙውም በጥሬ ብር። አስተውሉ፤ ወረቀቱን በ15 ሳንቲም የሸጠው ሰው አሁን ለገዢው ሙሉ ዶላር እንዲከፈለው ግብር አምጣ ተባለ። ብሩን ካላመጣ ከብቱ ይሸጣል፤ መሬቱ በሐራጅ ይወጣል፤ እሱም እስር ቤት ይገባል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ሲቆረጥ እንዲህ ነው፤ ያውም ሞኝ አልነበረም።

በ1786 መጨረሻ ገበሬዎቹ ተነሱ። ፍርድ ቤቶቹን እየከበቡ ዘጉ። ከመሪዎቹ አንዱ ዳንኤል ሼይስ ነው፤ ባንከር ሂል የተዋጋ፣ ሳራቶጋ የተዋጋ ሻምበል። የፈረንሳዩ ላፋዬት የሸለመውን ጎራዴ ዕዳ ለመክፈል ሸጠው ይባላል። ክልሉ የሚልከው ጦር፣ ለጦሩም የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም፤ የቦስተን ነጋዴዎች አዋጥተው በጀኔራል ቤንጃሚን ሊንከን የሚመራ ጦር አቆሙ። ጃንዋሪ 25 ቀን 1787 ስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ፊት ለፊት መድፍ ተተኮሰና 4 ሰዎች ሞቱ። ለነፃነት አብረው የተዋጉ ሰዎች፣ ጦርነቱ በይፋ በተዘጋ በ4ኛው ዓመት፣ በጦርነቱ ዕዳ ምክንያት ተገዳደሉ።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የተረቀቀው በዚያው ዓመት ክረምት ነው። አዲሱ መንግሥት ግብር መጣል ቻለ። ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ሃሚልተን ግምጃ ቤቱን ያዘ። በጃንዋሪ 1790 ሃሚልተን ታዋቂውን የዕዳ ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ አቀረበ። ለውጭ አገር 11.7 ሚሊዮን ዶላር፣ ለአገር ውስጥ አበዳሪ ከነውዝፍ ወለዱ 40.4 ሚሊዮን፣ የክልሎቹ ዕዳ ደግሞ ወደ 25 ሚሊዮን። ያለው በአጭሩ ይሄ ነው፦ ሁሉንም እንቀበል፤ በአዲስ ቦንድ እንተካው፤ የሚከፈለውም ወረቀቱን ዛሬ ለያዘው ሰው ነው።

ሪፖርቱ ገና ሲነበብ ምን ሆነ መሰላችሁ? የጆርጂያው ተወካይ ጄምስ ጃክሰን ምክር ቤት ውስጥ ተነስቶ፣ ከኒውዮርክ ወደብ መርከቦች ገንዘብ ጭነው ወደ ደቡብ ሄደዋል፤ ወሬው ያልደረሰውን ሰው ወረቀት በርካሽ ሊገዙ ነው ብሎ ጮኸ። ወሬ በፈረስና በመርከብ በሚሄድበት ዘመን ሦስት ሳምንት ቀድሞ ማወቅ ማለት ሀብት ነው። የሃሚልተን ረዳት የነበረው ዊልያም ዱየር እንኳ ራሱ የዚሁ ንግድ ተዋናይ ነበር። በ1792 ከስሮ እስር ቤት ገባ፤ በ1799 እዚያው እስረኛ እንደሆነ ሞተ። ሃሚልተን ራሱ በዚህ ንግድ ኪሱን አልሞላም፤ ለእውነት መቆም ካለብን ይሄም ይባል።

በፌብሩዋሪ 1790 የቨርጂኒያው ጄምስ ማዲሰን ተነሳ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ወረቀቱን በገበያ የገዛው ሰው፣ ወረቀቱ በገበያ አውጥቶ የሚያውቀውን ከፍተኛውን ዋጋ ይውሰድ። ቀሪው ለመጀመሪያው ባለቤት፣ ማለትም ለወታደሩና ለገበሬው ይመለስ። ገዢው አይከስርም፤ እንዲያውም ያተርፋል። ሻጩም ከላቡ ቁራሽ ያገኛል። ጠቅላላ ዕዳው በአንድ ሳንቲም አይጨምርም።

ተቃዋሚዎቹ ምን አሉ? አንደኛ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ለያዘው ይከፈላል ነው፤ መንግሥት ቃሉን ካጠፈ ነገ ማንም አያበድረውም። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ባለቤቶች ማን ይፈልጋቸዋል? ስንቱ ሞቷል፤ ስንቱ ተሰዷል፤ የመዝገቡ ሥራ አያልቅም። ሦስተኛ፣ ሻጩ በፈቃዱ ሸጠ፤ ገዢው ደግሞ ማንም ባላመነበት ጊዜ አገሩን አምኖ ገንዘቡን አደጋ ላይ ጣለ።

የመጀመሪያው ክርክር ክብደት አለው፤ አልክድም። ዛሬ ዓለም ሁሉ ገንዘቡን የአሜሪካ ቦንድ ላይ የሚያስቀምጠው «ይሄ መንግሥት ለያዘው ይከፍላል» ስለሚል ነው፤ ያ እምነት የተጀመረው ያኔ ነው። ማዲሰን ራሱ በ1783 አበዳሪዎችን መለያየት አይገባም ብሎ ጽፎ ነበር። ሁለተኛው ግን ሰበብ ነው። ፒርስ እያንዳንዱን ሰርተፍኬት በቁጥርና በስም መዝግቧል፤ መዝገቡ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ያናድደኛል። አገሩን ያመነ ማን ነው? በ1785 በ15 ሳንቲም የገዛው ነው ወይስ በ1777 ያለ ጫማ የዘመተው? ማዲሰን ያንን ጦር በውጊያ አልመራም፤ ሃሚልተን ግን ዮርክታውን ላይ ምሽግ ሰብሮ የገባ ጀግና ነው። ለወታደሩ የተሟገተው ያልዘመተው ሰው መሆኑ እስከዛሬ ይገርመኛል።

ፌብሩዋሪ 22 ቀን ድምፅ ተሰጠ። 36 ለ13። ማዲሰን ተሸነፈ። ድምፅ ከሰጡት መካከል ራሳቸው ወረቀቱን የያዙ ተወካዮች ነበሩ።

የክልሎቹን ዕዳ የመቀበሉ ጉዳይ ግን ቀላል አልሆነም። ዕዳቸውን አብዛኛውን የከፈሉት እንደ ቨርጂኒያ ያሉት «የሌላውን ለምን እንክፈል?» አሉ። በጁን ጀፈርሰን ሃሚልተንንና ማዲሰንን እራት ጋበዘ። በዚያ ድርድር ደቡቦቹ ዕዳውን እንዲቀበሉ፣ በምላሹ ዋና ከተማው ወደ ደቡብ ወርዶ በፖቶማክ ወንዝ ዳር እንዲቆረቆር ሆነ። ዲሲና አካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ በየቀኑ የምትመላለሱባት ከተማ የቆመችበት ቦታ የተመረጠው በዚህ የዕዳ ድርድር ነው። ወረቀቱን ልብስ ለመግዛት የሸጠው ወታደር ዕጣ ግን በዚያ ማዕድ ላይ አልተነሳም፤ እሱ በፌብሩዋሪው ድምፅ አልቆለታል።

ኦገስት 4 ቀን 1790 ሕጉ ጸደቀ። የሰርተፍኬቱ ባለቤት አዲስ ቦንድ አገኘ፤ ሁለት ሦስተኛው ወዲያው 6 በመቶ ይወልዳል፤ አንድ ሦስተኛው ከ1801 ጀምሮ፤ ለውዝፉ ወለድ ደግሞ 3 በመቶ። ኮንቲኔንታሉስ? 100 ኮንቲኔንታል በ1 ዶላር። ድሃው ሣጥን ውስጥ የቀረው ኮንቲኔንታል ነበር፤ ሀብታሙ ሣጥን ውስጥ ያለው ሰርተፍኬት። አንዱ መቶ ለአንድ ተመነዘረ፤ ሌላው በሙሉ ዋጋው ተቆጠረ። ሁለቱም የአንድ መንግሥት ቃል ነበሩ። «ቃል መታጠፍ የለበትም» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ለምን ትዝ አላላቸውም?

ወለዱ የሚከፈለው ከምን ነው? በ1791 በአገር ውስጥ ውስኪ ላይ ግብር ተጣለ። የምዕራብ ፔንስልቬንያ ገበሬ መንገድ ስለሌለው እህሉን ወደ ውስኪ ለውጦ ነበር የሚያጓጉዘው። ብዙዎቹ የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። በ1794 አምፀው ዋሽንግተን ወደ 13,000 የሚጠጋ ሚሊሻ አዘመተባቸው፤ ሃሚልተን ራሱ አብሮ ዘመተ። ያ ጦር ዋሽንግተን በነፃነቱ ጦርነት ብዙውን ጊዜ በእጁ ከነበረው ጦር አይተናነስም።

እንግዲህ እኔ የምለው ይሄ ነው። ሃሚልተን ዕዳውን መክፈሉ ትክክል ነው። ለውጭ አበዳሪ መክፈሉ ትክክል ነው። ወረቀት ገዝቶ የያዘው ሰውም ባዶውን ይሂድ የሚል አልነበረም፤ ማዲሰንም አላለም። ነገር ግን መንግሥት ወታደሩን ባዶ እጁን ያሰናበተው ራሱ ነው፤ ሰርተፍኬቱን ያረከሰውም ራሱ፣ አለመክፈሉ ነው። ራሱ ባረከሰው ዋጋ የሸጠውን ሰው «በፈቃድህ ሸጠሃል» ማለት ሕግ ሊሆን ይችላል፤ ፍትሕ ግን አይደለም። ቢያንስ ቢያንስ የሰርተፍኬቱ ባለቤቶች ሳይሸጡ እንዲቆዩ በየዓመቱ ወለዱን በትንሹም ቢሆን መክፈል ይቻል ነበር። ለባለ ቦንዶቹ ከፓሪስ ወርቅ ተገኝቶ አልነበር?

አንዳንዱ «ያኔ ኮንግረሱ ምን አቅም ነበረው?» ይላል። አቅሙ ትንሽ ነበር፤ እሺ። ያቺን ትንሽ ግን ለማን እንዳስቀደመ ተመልከቱ።

ማርቲንስ? ሜይን ሄዶ ሰው ባልሰፈረበት መሬት ላይ ማረስ ጀመረ። መሬቱ የእኔ ነው ብሎ የመጣው ሄንሪ ኖክስ ነው፤ የዋሽንግተን የመድፈኛ ጀኔራል፣ በኋላም የጦር ሚኒስትር የነበረው። በ1797 የ100 ኤከር እርሻው 170 ዶላር ተገመተበት። ሊከፍል አልቻለም፤ እርሻው ቀስ በቀስ ከእጁ ወጣ። በ1818 ኮንግረሱ ለተቸገሩ የቀድሞ ወታደሮች በወር 8 ዶላር ጡረታ ፈቀደ። ጡረታውን ለማግኘት ድሃ መሆንህን ማስመስከር አለብህ። በ1820 ማርቲን ፍርድ ቤት ቀርቦ ያስመዘገበው ሀብት ሁለት ላም፣ ስድስት በግና አንድ አሳማ ነበር።

ጦርነቱ ካለቀ 37 ዓመት ሆኖታል። ያ ልብስ ለመግዛት የሸጣቸው ሰርተፍኬቶች በማን እጅ እንደገቡና ስንት እንደወለዱ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ ወጣቶች፣ እናንተ በዚያ ምክር ቤት ብትቀመጡ ከ36ቱ ጋር ነበር የምትቆሙት ወይስ ከ13ቱ ጋር? ከ36ቱ ጋር ነኝ የምትሉም አትፍሩ፤ ክርክር ያለው ሐሳብ ነው። ከነምክንያታችሁ ከታች ጻፉልኝ።